ግማሽ ሚሊ

ሚያዝያ 6

ጠዋት ሦስት ፐርም። ሦስቱም አሮጊቶች፣ ሦስቱም «ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልይልኝ፣ እስከ ቹሶክ የመከር በዓል ይቆይልኝ» ባዮች። ቢጎዲን ደርድሬ፣ ላስቲክ አልብሼ አስቀመጥኳቸው። አንዷ ከገበያ የገዛችውን ነጭ ሽንኩርት አወጣችና ሦስቱም ተጋግዘው ሲልጡ አረፈዱ። ቀጥላ የገባችው ደንበኛ «ፀጉር ቤት ነው ምግብ ቤት?» አለችኝ።

ማበጠሪያ ወደቀብኝ። ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ከሦስቱ አንዷ እማማ ፒልቡን፣ ምላሳቸው ከጥርሳቸው የበለጠ፦

«የሃሶል እናት! አናትሽ ላይ አውራ ጎዳና ከፈቱ እንዴ?»

ሁለቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ... የሰው ፀጉር ሠርታ የምትበላ ሴት የራሷ አናት ሲሳሳ ከመሳቅ ሌላ ምን አላት?

ከሰዓት ሃሶል ከሴኡል ደወለች። የሰርጓ አዳራሽ ተያዘ። ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ ጂንጁ። እልል ልል ስል...

«እማዬ፣ ሃንቦክ ስትለብሺ ፀጉርሽ ከመሃል ተከፍሎ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፣ አይደል?»

«ታዲያስ! የሙሽሮች እናቶች ሁሉ በሀገር ልብስ እንደዚያው ነን።»

ጉሮሮዋን ጠረገች። ልጄን አውቃታለሁ፣ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ነገር አለ።

«እንግዲያ... ዊግ ብንገዛስ? ፎቶ አንሺው ጎበዝ ነው። ሁሉን ያወጣል።»

ሁሉን ያወጣል! ስልኩን ዘግቼ ፎጣ ሳጥፍ ዋልኩ። የታጠፈውን እየዘረጋሁ እንደገና ማጠፍ።

ሚያዝያ 7

ቻንግሞን ከላይ ሆኖ አናቴን ፎቶ እንዲያነሳኝ አዘዝኩት። ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ራሱ ከተመለጠ ሃያ ዓመት ያልፈዋል፣ ግድም የለው። ፎቶውን አይቶ፦

«ውሃ የገባበት የሩዝ ማሳ ነው የሚመስለው። ችግኙ ገና አልተተከለም።»

«አንተ ዝም በል። ያንተ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።»

ግን እውነቱን ነው። ከመሃል ስከፍለው ነጭ ቆዳ... ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። አናትም እንደዚያው ነው ለካ። ስንት ሰው ከኋላዬ ሆኖ አይቶት ይሆን?

የሚያስፈራኝ ደግሞ ሻማው ነው። ሰርጉ ሲጀመር ሁለቱ እናቶች እጅ ለእጅ ተያይዘን እንገባለን። ለእንግዳው ጎንበስ ብለን እጅ እንነሳለን፣ ከዚያ እያንዳንዳችን ሻማችንን እንለኩሳለን። ጎንበስ! አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት!

ዊግ አልገዛም። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ሻማዬን በገዛ ፀጉሬ ነው የማበራው። (ፀጉሬን አቀጣጥላለሁ ማለቴ አይደለም።)

ሚያዝያ 13

ጎረቤቴ ኪልሱን፣ ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠዋ፣ መፍትሔ ይዛ መጣች። እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው፣ እሱን እያወናጨፈች፦

«መርፌ ነው የኔ እህት! ቆዳውን ወጋ ወጋ ስታደርጊው ደንግጦ ያበቅላል። የእህቴ ባል በቅሎለታል።»

«ማነው የሚደነግጠው?»

«ቆዳው ነዋ!»

አብረን መዋቢያ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሻጯ ልጅ ናት፣ ፀጉሯ ወገቧ ላይ ደርሷል። እሷን ማየት በራሱ መርፌ ነው። ሦስት ዓይነት አወጣች። አንዱ እንደ ትንሽ መዳመጫ የሚንከባለል፣ ዙሪያውን መርፌ የወረሰው፤ ሮለር ነው የሚሉት። ሁለተኛው እንደ ቢሮ ማኅተም ቀጥ ብሎ የሚመታ። ሦስተኛው በባትሪ የሚርገበገብ፣ ድምፁ የጥርስ ሐኪም ዘንድ የተቀመጥኩ ያስመሰለኝ። እሱን ወዲያው አስመለስኩ።

«መርፌውም ርዝመቱ ይለያያል፣ እናቴ። ለቤት ግማሽ ሚሊ ይበቃዎታል።»

ግማሽ ሚሊ? ትንኝ እንኳ ከዚያ የተሻለ ይዛ ትመጣለች። እኔ በርበሬ በጭልፋ የምጨምር ሴት ነኝ። ሮለሩን መረጥኩ፣ ባለ አንድ ሚሊ ተኩሉን። ልጅቷ አፏን ከፈተች፣ ኪልሱን «አንቺ ምን አገባሽ፣ ይበቅልባት እንደሆነ ይብቀልባት!» አለቻት። ዘጋችው።

ሚያዝያ 14

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ከግንባሬ ወደ ኋላ አንዴ ሳንከባልለው እንባዬ መጣ። ሁለተኛ ሳንከባልለው ሮለሩ ፀጉሬን ጠቅልሎ ቆመ። ወደ ፊት እምቢ፣ ወደ ኋላ እምቢ። አናቴ ላይ እንደ ቢጎዲን ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቻንግሞ በሩን እየደበደበ «አላለቀም እንዴ? ሽንቴ መጣ!»

በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት። ከነበረችኝ ላይ አንድ ጭብጥ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው።

ሚያዝያ 15

ትራሱ ላይ ጠብ ጠብ ያለ ደም። ቻንግሞ ጠየቀ። ትኋን ነው አልኩት። ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ሲያራግፍ ዋለ። ምስኪን።

ሚያዝያ 27

አሁን ለምጄዋለሁ። ፀጉሬን በመስመር በመስመር በክሊፕ እይዝና ቆዳው ላይ ብቻ አስኬደዋለሁ። በየሁለት ቀኑ። ኪልሱን ደግሞ የሚንጠባጠብ ማብቀያ መድኃኒት አመጣችልኝ። መርፌው እንዳለቀ ወዲያው አፈስበታለሁ። ያቃጥላል... አቤት ማቃጠል! ካቃጠለ ሠራ ማለት ነው። ፐርምስ የሚሠራው እያቃጠለ አይደል?

ግንቦት 11

የሁለቱ ቤተሰብ መተያያ ቀን። ልጻፈው ወይስ ልርሳው?

ጠዋት ለክብሩ ስል ሮለሩን ሁለት ጊዜ አስኬድኩት፣ መድኃኒቱንም አበዛሁት። ለምን? እኔ እንጃ። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው መሰለኝ።

ምግብ ቤቱ ጥሩ ነው፣ ክፍሉ ለብቻ። የሙሽራው የዶግዮም አባት በሕይወት የለም፤ እናቱ ብቻዋን ከሴኡል መጣች። ጡረታ የወጣች የሙዚቃ መምህርት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ አንገቷ ቀጥ ያለ። ፀጉሯ... ጥቁር፣ ሙሉ፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራ። አንዴ አየሁና ዓይኔን ሰበርኩ። ቀና ብዬ ካየኋት ቀና ብላ ታየኛለቻ!

ወለሉ ላይ እንደተቀመጥን ለሰላምታ ጎንበስ አልን። ያኔ ልቤ ድው ድው... ክፍሉ ዞረ። መቃናት አቃተኝ። እሷ ደግሞ አክብሬያት መስሏት፣ ቀና ካለችበት ተመልሳ ይበልጥ ጎንበስ አለች። ቻንግሞ ይህን አይቶ እሱም ጎነበሰ። ልጆቹም ደነገጡና ጎነበሱ። የሚቃና ሰው ጠፋ። አስተናጋጇ ሾርባ ይዛ ገብታ፣ አይታን፣ ተመልሳ ወጣች።

በመጨረሻ ግንባሬ የስፒናቹ ሳህን ላይ አረፈ።

«ደህና ነዎት?» አለች የዶግዮም እናት።

ቀና ስል ዓይኗ ዓይኔ ላይ አልነበረም። አናቴ ላይ ነበር። አየችው። ቆይታ አየችው።

አለቀልኝ።

ግንቦት 14

አናቴ ላይ ብጉንጅ። መግል የቋጠረ። ትራስ አላስነካም አለኝ።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው፣ የራሱ ፀጉር በጣት የሚቆጠር። ሮለሩን አገላብጦ አየው።

«በዚህ ነው የወጉት? በየሁለት ቀኑ?»

«አዎ።»

«አናትዎን እያከሙ ነው ወይስ እያረሱ?»

ነርሷ ወደ ግድግዳው ዞረች። ስትስቅ ትከሻዋ ይታየኛል።

እንዲህ ያለው ረጅም መርፌ እነሱ ክሊኒክ ውስጥ የሚጠቀሙበት ነው አለኝ። ለቤት ግማሽ ሚሊ፣ በሳምንት አንዴ፣ ቆዳው ቀላ እስኪል እንጂ እስኪደማ አይደለም። መርፌው ቆዳ ከመንካቱ በፊት አልኮል ውስጥ ይነከር። ሲደንዝ ይጣል። ከሰው ጋር አይጋሩት። አሁን ደግሞ ቁስሉ እስኪድን ምንም አይነካ።

«መድኃኒቱንስ በተወጋ ቆዳ ላይ በዚያው ቀን አያፍስሱ። ሰተት ብሎ ደም ውስጥ ይገባል። ልብዎ ድው ድው፣ ራስ ማዞር... አጋጥሞዎታል?»

«ኧረ በጭራሽ» አልኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያቺ የሱቅ ልጅ ግማሽ ሚሊ ስትለኝ ብሰማት ምን ነበረበት?

ግንቦት 24

የቡድሃ ልደት። አማቴ፣ የቻንግሞ እናት፣ ፋኖስ ካላሰቀልን ብለው ወደ ተራራው ገዳም ጎተቱኝ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ደረጃውን እኔን ጥለውኝ ወጡ። ፋኖሱ ላይ የሚንጠለጠለው ወረቀት ላይ ስለቴን ጻፍኩ። መነኩሴው ሊሰቅሉት ተቀብለው አነበቡት። ቀስ ብለው የተላጨ ራሳቸውን ዳበሱ።

«ፀጉር?» አሉኝ።

«አዎን አባቴ።»

«ልጄ... አድራሻ ተሳስተሻል።»

ግን ሰቀሉልኝ።

ሰኔ 20

ቁስሉ ድኗል። ከዜሮ እንጀምር።

ያቺው ባለ ረጅም ፀጉር ልጅ ዘንድ ተመለስኩ። አፍሬ «ግማሽ ሚሊ» ስላት አልሳቀችብኝም፣ ደግ ናት። በዚህ ጊዜ ማኅተሙን ወሰድኩ። ሮለር ረጅም ፀጉር ይጠቀልላል፣ ሲንከባለልም ቆዳውን ጎትቶ ይቧጭራል። ማኅተሙ ግን ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በማበጠሪያ ጭራ እከፍላለሁ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ቀጣዩን መስመር እከፍላለሁ። ቀለም ስቀባ የኖርኩበት አከፋፈል ነው፣ እጄ ያውቀዋል። አያምም፣ ይበላል እንጂ። መድኃኒቱ ለነገ።

እንዲህ ቀላል ሆኖ ይሠራል? እኔ ሳያምመኝ የተሻለኝ ነገር አላውቅም።

ሐምሌ 8

ዝናብ ነው። ስድስተኛ ቀኑ መሰለኝ። ግድግዳው ሳይቀር ላበ።

ወጥ ቤት ስገባ አማቴ እማማ የዕቃ ጨርቅ ይቀቅላሉ። ድስቱ ውስጥ ከጨርቁ ጋር የሆነ ነገር ይገላበጣል።

«እማማ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«መታጠቢያ ቤት ያገኘሁት ብሩሽ ነው። ቆሽሾ መሰለኝ፣ ልቀቅለው ብዬ።»

ማኅተሜ! እጀታው ቀልጦ ጥያቄ ምልክት ሆኗል።

«ዘንድሮ ዕቃ አይበረክትም» አሉ በጭልፋ እያወጡት። ሌላ ልገዛ ነው።

ሐምሌ 19

ምንም የለም። በሁለት መስታወት አየሁ። ምንም።

ሐምሌ 20

ዛሬም።

ሐምሌ 26

የዊግ ሻጭ ቁጥር ስልኬ ላይ መዘገብኩ። አጠፋሁት። መዘገብኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ማንም አይሰማኝም መቼም። ለማን ብዬ ነው ይህ ሁሉ? ለዚያች ቀጥ ያለ አንገት? ለፎቶ አንሺው? ወይስ ልጄ አፈረችብኝ ብዬ ነው? የሚያመኝ እሱ ይመስለኛል። ሃሶል ትንሽ ሆና ከወንበሬ ሥር ቁጭ ብላ የወደቀ ፀጉር እየሰበሰበች ለአሻንጉሊቷ ሹሩባ ትሠራ ነበር። «ሳድግ እንዳንቺ ነው የምሆነው» ትል ነበር። አሁን «ዊግ ግዢ»። አለቀስኩ። ካልሲ እያጠብኩ ነበር፣ ማንም አላወቀብኝም።

ነሐሴ 9

የሙቀቱ ጫፍ። ቀኑ ዶሮ የሚበላበት ነው። ሃሶልና ዶግዮም ከሴኡል መጡ። ለእያንዳንዱ አንድ ሙሉ ዶሮ፣ ሆዱ በሩዝና በጂንሰንግ ሥር የታጨቀ። ሙሽራው ጨዋ ነው፣ እንቢ ማለት አያውቅም። እማማም ይህን ቶሎ ነቁበት።

«ብላ! ክንፏን የት ትተህ!»

«በላሁ እማማ፣ ጠገብኩ...»

«የጠገበ ሰው አይናገርም። ብላ!»

የእኔን ዶሮ ግማሽም እሱ ላይ ጫኑት። ከዚያ ልጁ ነጣ። ላብ። ደረቱን ያዘ። ምግቡ ቆሞበታል።

«መርፌ!» ብለው ተነሡ እማማ። የቆመ ምግብ የሚወርደው አውራ ጣት ተበጥቶ ነው፣ እሳቸው ዘንድ ሌላ ሕክምና የለም። የልጁን ጣት በክር ጥርቅም አድርገው አሰሩ። የልብስ መርፌው ጠፋ። እማማ መታጠቢያ ቤት ገቡ... ምን ይዘው ወጡ? አዲሱን ማኅተሜን። በአልኮል አጥቤ ያስቀመጥኩትን!

«እማማ፣ እሱ አይሆንም!»

«ለምን አይሆንም? አንዷ መርፌ ካዳነች ይህ ሁሉ ታምር ነው!»

ጠቅ! ዶግዮም ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ጣቱ ላይ ደም ነጠብ ነጠብ አለ። ከዚያ ልጁ... ከሆዱ ሥር፣ ከጥልቅ፣ አንድ ረጅም ግሳት አወጣ። ቻንግሞ አጨበጨበ።

«ይኸው!» አሉ እማማ።

ሃሶል ማኅተሙን አነሳች። «ምንድን ነው ይሄ?»

ወለሉን አየሁ።

«የእናትሽ ነው» አሉ እማማ። «ራሷን የምትመታበት።»

ነሐሴ 10

ትናንት ያላለቀው። ሃሶል ወጥ ቤት ድረስ ተከተለችኝ።

«ራስሽን ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?»

ነገርኳት። ሮለሩን፣ ብጉንጁን፣ ስፒናቹን። ስፒናቹ ላይ ልትስቅ ስትል አለቀሰች።

«ዊግ ስላልኩሽ ነው?»

«የለም... አዎ።»

«የጓደኛዬ ሰርግ ላይ ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች እናትየዋን እያዩ አናቷን ሲያሙ ሰማሁ። ሻማ እያበራች እኮ ነው! አንቺን እንዲያ ካወሩሽ ሰርጌን ጥዬ ነው የምደባደበው። ለዚያ ነው ዊግ ያልኩሽ።»

አፍራብኝ መስሎኝ ነበር። ፈርታልኝ ነው። ይህን ለማወቅ ከሚያዝያ ጀምሮ አናቴን መበሳት ነበረብኝ?

ዶግዮምን «ለእናትህ እንዳትነግር» አልኩት። «በፍጹም!» አለኝ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ጣቱን ፎቶ እያነሳ። ይህ ልጅ ለእናቱ ምን እንደበላ እንኳ የሚጽፍ ነው። ነገሩ እስካሁን ሴኡል ገብቷል።

ማኅተሙን ጣልኩት፣ ሌላ እገዛለሁ። ከሰው ጋር አይጋሩት ተብሏል። «ሳንጋባ ደም ተቀላቀልን» ብዬ ነበር፣ ማንም አልሳቀልኝም።

ነሐሴ 29

እማማ ፒልቡን ለፐርም መጡ። ማበጠሪያ ወደቀብኝ። ጎንበስ አልኩ።

«ቆይ! እንዳትቃኚ!»

«ምን ሆነ?»

«አውራ ጎዳናው ላይ ሣር በቅሏል!»

ደንበኛዬን ጥዬ ሁለት መስታወት ያዝኩ። አለ! አጭር፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። የኪዊ ልጣጭ ላይ እንዳለው ዓይነት። መሃል ለመሃል፣ በመክፈያው ግራና ቀኝ!

እየጮህኩ ኪልሱን ዘንድ ሮጥኩ። ቶፉዋን ጥላ መጣች፣ ነክታ አየች፣ እሷም ጮኸች። ማታ ቻንግሞ ፎቶ አንስቶ ከሚያዝያው ጋር አስተያየ።

«ችግኙ ተተክሏል» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ትርፍ ማኅተም አለሽ?»

የራሱን ይግዛ።

መስከረም 21

ለቹሶክ በዓል ከዶግዮም እናት ስጦታ መጣ። በሐር ጨርቅ የታሰረ ሳጥን። ፈታሁት። ጥቁር ባቄላ። ጥቁር ሰሊጥ። «ለጤናዎ» የሚል ካርድ።

ለጤናዬ! ጥቁር ባቄላና ጥቁር ሰሊጥ ለምን እንደሚበላ የማያውቅ ሰው አለ? ፀጉር ለሚረግፍበት ነው! ሰደበችኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በሐር ጨርቅ ጠቅልላ ሰደበችኝ።

«ከልቧ ቢሆንስ?» አለች ኪልሱን።

«አናቴን እንዴት እንዳየችው አንቺ አላየሽም።»

መልስ መላክ ግድ ነው። የደረቀ ዓሣ ላክሁላት። አጥንቱ ይነቅሽ ብዬ አይደለም... ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ።

መስከረም 23

ባቄላውን ከሩዝ ጋር ቀቀልኩት። ስድብ ቢሆንም እህል ነው።

ጥቅምት 17

ነገ ነው። በዚህ ሳምንት መርፌ የለም፣ ቀልቶ እንዳይታይ። ታጠብኩ፣ አበጠርኩ፣ ከመሃል ከፈልኩ። መንገዱ ጠቧል፣ አልተዘጋም። አዲሶቹ ረዝመዋል ግን አይተኙም። ስጫናቸው ይተኛሉ፣ ስለቃቸው ይነሣሉ። በማን ወጡ?

ፈርቻለሁ። የዶግዮም እናት እጄን ይዛ ስትሄድ ምን እያሰበች ይሆን?

ጥቅምት 19

ትናንት ዳርኳት።

እናቶች የሚለብሱበት ክፍል አንድ ነው። ስደርስ የዶግዮም እናት ለብሳ፣ ተሠርታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሰማያዊ ሃንቦክ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳትና ዓይኔን ሳላነሣ ወንበሬ ላይ ወጣሁ። የአዳራሹ ፀጉር ሠሪ ልጅ ፀጉሬን ከመሃል ከፈለች፣ ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለች። እጇ ጥሩ ነው። የሳሳው ላይ ጥቁር ዱቄት ልትነሰንስ ስትል ቆመች።

«እናቴ፣ እነዚህ አጫጭሮች ቆመዋል። በስፕሬይ ልለጥፋቸው። እምቢ ካሉ ደግሞ ልንቀላቸው፣ ጥቂት ናቸው...»

ከወንበሩ ዘለልኩ።

«ንክች እንዳታደርጊያቸው!»

ጩኸቴ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ሃሶል ያን ሁሉ ነጭ ቀሚስ አንጠልጥላ በሩ ላይ መጣች። አየችኝ። አናቴን አየች። ቀረብ ብላ በጓንቷ ዳበሰቻቸው።

«ተያቸው» አለቻት ልጅቷን። «የእናቴ ናቸው። እንደቆሙ ይግቡ።»

የዶግዮም እናት ከጥጓ ሁሉን ሰማች። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ከዚያ ሙዚቃው ጀመረ። እጄን ያዘች። በእንግዳው መሃል ሄድን፣ ሻማዎቹ ፊት ዞረን ለሰዉ ጎንበስ አልን። ጠለቅ ብለን፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት። ያኔ ከጎኔ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፦

«ስንት ሚሊ ነው?»

የሰማሁት እውነት አልመሰለኝም።

«ምን አሉኝ?»

«መርፌው። ዶግዮም ነግሮኛል። ስንት ሚሊ ነው?»

እንደጎነበስኩ ዓይኔን ወደ ጎን መለስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ከመሃል የተከፈለው ፀጉሯ ላይ፣ ከግንባሯ እስከ አናቷ፣ ጥቁር ዱቄት። ላቧ አርሶት ወደ ቅንድቧ ሊወርድ ነው። በግንቦት ያ ሙሉ ፀጉር ከላይ የተሰካ ዊግ ነበር! ዕድሜዬን ሙሉ ፀጉር ሳይ ኖሬ ይህን ሳላይ! የት አይቼ፣ ወለል ወለሉን ሳይ።

«ግማሽ» አልኳት።

«እኔ አንድ ተኩል ነው የገዛሁት።»

«ኧረ ይጣሉት! ያርስዎታል!»

«ቆሳስያለሁ» አለች። «ባቄላውንስ በሉት? ለእኔ ምንም አላደረገልኝ፣ ለእርስዎ ይሠራ እንደሆነ ብዬ ነው።»

እኔ ደግሞ ያንን ዓሣ...

እንግዳው ያን ያህል ስንጎነብስ ክብር መስሎት አጨበጨበ። ቻንግሞ ከፊት ወንበር ሆኖ ራሴን አዙሮኝ እንደሆነ ብሎ ግማሽ ተነሥቶ ነበር። ቀና አልን። በእጅጌዬ ጫፍ ከቅንድቧ ላይ ዱቄቱን ጠረግኩላት። ሻማዬን አበራሁ።

ጥቅምት 31

ፎቶዎቹ መጡ። ሁሉን ያወጣል ብላኝ የለ? አውጥቶታል። ሁለታችን ጎንበስ ብለን፣ ከኋላችን መብራቱ፣ አናቴ ላይ አዲሶቹ አንድ በአንድ ቆመው። ሃሶል ከሁሉ ትልቁ አድርጋ ያሳጠበችው ይህንኑ ነው። ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እማማ ፒልቡን አይተው «የቷ ናት የሴኡሏ?» አሉ።

ኪልሱን ለዶግዮም እናት አንድ አዲስ ማኅተም በፖስታ ላኪላት አለችኝ። በፖስታማ አይሆንም፣ ትምህርት አለው። የሷ ቁስል ይዳን እንጂ በመጪው ወር በባቡር ትመጣለች፣ ማኅተሟን ራሷ ይዛ። እኔ የሷን መስመር በመስመር ከፍዬ አሳያታለሁ፣ እሷ የእኔን ታይልኛለች። የገዛ አናቱን ማን ያያል?

ዓሣው ጣፋጭ ነበር ብላ ጽፋልኛለች። እየበላች ሳለ አጥንት አንቋት ነበር አሉ፣ ትንሽ። ስትመጣ እነግራታለሁ... ወይስ አልነግራትም?